የወንዝ ዳር ልማትና የነዋሪው ድርሻ

በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነበር። ዓላማውን አንነቅፍም፤ የከተማይቱን ቆሻሻ ተሸክመው የኖሩ ወንዞች መጽዳት ነበረባቸው። ሒሳችን የሚያተኩረው «አጋር» ተብሎ በተጋበዘው ወገን ላይ ነው። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚተክለው ገበሬ ከዚህ ገበታ ሊቀርብ አይችልም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ግን በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ የድልድይ መናፈሻ ያቀዱ ወገኖች፣ ግንባታው ሳይጀመር በ2015 (እ.ኤ.አ.) ነዋሪው በኑሮ ውድነት እንዳይፈናቀል ከራሱ ጋር መክረው ዕቅድ አወጡ፤ ኋላም መሬት በጋራ የሚያዝበት ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ሙሉ ዋስትና ነው አንልም። ሆኖም የነዋሪው ዕጣ ከመናፈሻው አስቀድሞ መመከር እንዳለበት ያስተምራል።