የኮሪያ ቋንቋ ቅጽሎችና የቃላት ሠንጠረዥ

የኮሪያን ቋንቋ ለጀማሪ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የተለመዱትን ቅጽሎች ከነትርጉማቸው በሠንጠረዥ ያሰፍራሉ፤ «ክዳ» ትልቅ፣ «ሙጎፕታ» ከባድ፣ «ቹፕታ» ቀዝቃዛ እያሉ ይቀጥላሉ። ሠንጠረዡ ለመሸምደድ ይመቻል፤ ሰዋስውን ግን ይሸሽጋል። በኮሪያ ቋንቋ ቅጽል የሚባለው በመሠረቱ እንደ ግሥ የሚረባ ቃል ነውና። «ጂቢ ክዳ» ሲባል «ቤቱ ትልቅ ነው» ማለት ሲሆን፣ «ነው»ን የሚተካ ሌላ ቃል አይሻም። ሠንጠረዡን ብቻ ያጠና ተማሪ ግን የ«ነው» አቻ የሆነውን «ኢዳ» እየጨመረ ዐረፍተ ነገሩን ያበላሻል። ከስም በፊት ሲገባም ቃሉ መልኩን ይለውጣል፤ ትልቅ ቤት «ክን ጂፕ» ይባላል፤ «ሙጎፕታ»ም «ሙጎኡን» ይሆናል። (የኋለኛው ለውጥ የራሱ ደንብ አለው፤ ለጀማሪ ግን ምሳሌው ይበቃል።)

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አሠራር ባዳ አይደለም። «ሸክሙ ከበደ» ብሎ ወዲያው «የከበደ ሸክም» ይላልና። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይህን ዝምድና ሊያሳየው አይችልም፤ አስተማሪው ራሱ በመጀመሪያው ትምህርት ሊያነሣው ይገባል።

የትርጉሙ ጉድለት ደግሞ ይብሳል። «ቹፕታ» የአየርን ብርድና ሰው የሚሰማውን ብርድ ሲገልጥ፣ ለውሃና በእጅ ለሚነካ ነገር የሚነገረው «ቻጋፕታ» ነው። ሠንጠረዡ ሁለቱንም «ቀዝቃዛ» ብሎ ያልፋቸዋል። «በረደኝ» እና «ቀዝቃዛ ውሃ» ብሎ የሚለይ ተማሪ፣ ልዩነቱ ቢነገረው ኖሮ በአንድ ቀን በያዘው ነበር።