መርማሪ የሌለው ወንጀል
በዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ላይ የቀረበ ሂስ

የወንጀል ልብ ወለድ የከተማ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ በሚታወቅበት የገጠር ቀዬ አጥፊው ማን እንደ ሆነ ሳይመሽ ይታወቃል፤ ሽማግሌዎችን የሚያስጨንቃቸው «ማን ገደለ?» የሚለው ሳይሆን «ደሙ እንዴት ይደርቃል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አውጫጭኝ የተባለው የአባቶቻችን የወንጀል ምርመራም የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነበር፤ የአገሩ ሰው ባንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስም አይበተንም። ከተማ ግን ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። በከተማ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፤ የአንዱ ዕጣ ከሌላው ጋር የሚጠላለፈው በዝምድና ሳይሆን በአጋጣሚ፣ በኪራይና በገበያ ነው። ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ባወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ራስኮልኒኮፍ በልቡ የጸነሰውን የግድያ ሐሳብ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ከማያውቃቸው ሁለት ሰዎች አፍ ይሰማዋል፤ ኃጢአቱን ወደሚናዘዝላት ሴት የሚያደርሰውም እንዲሁ በመጠጥ ቤት ያገኘው አንድ ሰካራም አባቷ ነው።

የምንኖርባት ሎስ አንጀለስ ደግሞ የዚህ ዓይነት ድርሰት ዋና ከተማ ናት። ሬይመንድ ቻንድለር እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ባወጣቸው ልብ ወለዶች ባለጠጋውንና ወሮበላውን በአንድ መርማሪ ዱካ አገናኝቷቸዋል። ዋልተር ሞዝሊ በ1990 ባሳተመው ልብ ወለዱ ውስጥ ጥቁሩ ኢዚ ሮውሊንስ ወደ ምርመራ ሥራ የሚገባው ለእውነት ጓጉቶ አይደለም፤ ከፋብሪካ ሥራው ተባሮ የቤቱን ዕዳ የሚከፍለው ስላጣ ነው። አንባቢ ይህችን ነጥብ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን፤ በአሜሪካ ከተማ ከወንጀሉ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የቤት ጉዳይ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ይህ የድርሰት ዓይነት በስደተኛ ኢትዮጵያዊ እጅ ሲገባ ምን ይሆናል? የሚል ነው። የመጀመሪያው መሰናክል መርማሪው ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለድ አንድ ያልተነገረ እምነት አለው፤ መንግሥት፣ ምንም ቢበላሽ፣ እውነቱን የሚፈልግ ቢያንስ አንድ ሰው አያጣም፤ እርሱም ባይገኝ የግል መርማሪ ይተካዋል። የእኛ ትውልድ ግን ፍተሻን ያወቀው ወንጀል የሚፈጸምበት ሰዓት አድርጎ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሌሊት በር ያንኳኳው ወንጀለኛ ፍለጋ የመጣ መርማሪ አልነበረም፤ ወንጀሉ ራሱ ነበር። የበዓሉ ግርማ ዕጣ ለዚህ ምስክር ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ለዚህ ዓይነት ድርሰት የቀረበውን የጻፈው ሰው ራሱ መርማሪ የሌለው ወንጀል ሆነ። እንዲህ ካለ አገር የወጣ ጸሐፊ መርማሪውን ከየት ያመጣዋል?

ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሰጠው መልስ ቀላልና ከባድ ነው፤ መርማሪውን ጨርሶ ያስወግደዋል፤ ምርመራውንም ለተራኪው ኅሊና ይተዋል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ነው። የመጽሐፉ ርእስ፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች» የሚለው፣ ከዳንቴ ሲኦል መጨረሻ የተወሰደ ነው። በእንግሊዝ አገር «የአብዮቱ ልጆች» በሚል ስም ታትሞ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል በተባለው ሰፈር ነው። ተራኪው ሴፋ እስጢፋኖስ ከአገሩ ከወጣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አቧራ የጠገበች አነስተኛ ሱቅ አለችው። ወዳጆቹ የኮንጎው ጆሴፍና የኬንያው ኬኔት ናቸው፤ ሦስቱ የተዋወቁት በአንድ ሆቴል ሲሠሩ ነው። ሰፈሩ የድሆች ጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ አሁን ባለ ገንዘብ እየገባበት ኪራይ ይወደዳል፤ ነባሩ ነዋሪ ይፈናቀላል። ጁዲት የተባለች ነጭ ምሁር ከሴፋ ቤት አጠገብ ያለውን አሮጌ ቤት ገዝታ ታድሰዋለች፤ ናኦሚ የምትባለው ልጇ አባት የሞሪታንያ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ ሴፋና ናኦሚ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞፍ ወንድማማቾች» አብረው ያነባሉ። ከዚያ ጡብ ይወረወራል፤ በመጨረሻም የጁዲት ቤት በእሳት ይጋያል።

ወንጀሉ ይህ ነው። ሆኖም መጽሐፉን «ቤቱን ማን አቃጠለ?» ብሎ የሚያነብ ሰው ከደጃፉ ይመለሳል። ከዚህ ወንጀል በታች ሌላ፣ የቆየ ወንጀል ተቀብሯል። በአዲስ አበባ ወታደሮች የሴፋን ቤት ሲፈትሹ የተማሪዎች ወረቀት ያገኛሉ። ወረቀቱ የልጁ ነው፤ ተደብድቦ የተወሰደውና ያልተመለሰው ግን ሕግ ዐዋቂው አባት ነው። ልጁ ይሰደዳል። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሱቅ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረውም ነጋዴ ሆኖ ሳይሆን ፍርዱን የሚጠብቅ ተከሳሽ ሆኖ ነው፤ ችሎቱ ግን አይሰየምም። ደራሲው ይህን ሥነ ልቦና የሚገልጽበት ዘዴ የሚደነቅ ነው። ሴፋ አንድ ቀን ወደ ሱቁ የገቡ ሁለት አገር ጎብኚዎችን ተከትሎ ይወጣል፤ ሱቁን ሳይዘጋ በከተማው ውስጥ ከኋላቸው ይሄዳል። በወንጀል ልብ ወለድ መርማሪ ተጠርጣሪን ይከታተላል፤ እዚህ ተጠርጣሪው ምንም ያላደረጉትን መንገደኞች ይከታተላል፤ ምክንያቱም እነርሱ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ እርሱ አያውቅም።

የሦስቱ ወዳጆች ጨዋታም ከዚሁ ምርመራ የተለየ አይደለም። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት ይመልሳሉ። ላይ ላዩን ሲታይ የመጠጥ ሰዓት ቀልድ ነው፤ ውስጡ ግን የወንጀለኞች መዝገብ ነው። የአንድ አህጉር ወንጀለኞች በሙሉ በስም ይታወቃሉ፤ የሚከሳቸው የለም። የሴፋ አጎት ብርሃነ ደግሞ በአገሩ ባለጠጋ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ይጽፋል። አቤቱታው ለዙፋን ይቀርባል፤ ዙፋኑ ግን የእርሱ አይደለም።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወመን ይሆናል። «ደራሲው የደርግን ወንጀል በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ጫነ፤ ገዳዩን ትቶ ወረቀት የበተነውን ከሰሰ» ይላል። ክሱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ትክክል አይመስለንም። ወንጀልና ጸጸት ሁለት ናቸው። ወንጀሉ የወታደሮቹና የላኳቸው ሰዎች ነው፤ መጽሐፉ ይህን አንድም ጊዜ አላደበዘዘም። ጸጸት ግን ሕግን አይጠይቅም፤ በሕይወት የቀረውን ሰው ይዞ ይኖራል። የተማሪው ንቅናቄ የገዳዮችን ስም ዘርዝሮ ብዙ ጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነበር። ወረቀቱ በየትኛው ቤት፣ በማን አልጋ ሥር እንደ ተደበቀ፣ በሩ ሲንኳኳ ማን ተነሥቶ እንደ ከፈተ ግን ስንቶቻችን ጻፍን? አብዮቱ ሲነሣ ገና ያልተወለደ ደራሲ ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቀልን። ለእኛ ሊያሳፍረን የሚገባው ይህ ነው።

እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሆነን ስናነበው ደግሞ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። የከተማው ምክር ቤት በ2002 ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተደቡብ ያለውን ይህን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል፤ ምግብ ቤቱ፣ የእጣንና የበርበሬ ሽታው፣ የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ ከአገር የወጣን ሰው ያጽናናል። ነገር ግን ስደተኛ ባለ ሱቅ በዚህች ከተማ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደሚቆም ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በመጋቢት 1991 በደቡብ ሎስ አንጀለስ አንዲት የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ሰበብ ከኮሪያ በመጣች ባለ ሱቅ ጥይት ተገደለች፤ ገዳይዋ ጥፋተኛ ብትባልም አልታሰረችም። በሚያዝያ 1992 ከተማው ሲነድ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከተቃጠሉት መደብሮች ብዙዎቹ የኮሪያ ስደተኞች ነበሩ። ባለ ሱቅና ልጅ፣ በአንድ መደርደሪያ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት እንግዶች፤ በአንዱ ከተማ ጥይት ተተኮሰ፤ በዲናው ልብ ወለድ መጽሐፍ ተነበበ። ሴፋና ናኦሚ የሚያነቡባቸው ገጾች ጣፋጭ ትዝታ ብቻ የማይሆኑት ስለዚህ ነው። ከተማ እንግዶችን ሲያገናኝ ሊሆን ይችል የነበረውን ያሳዩናል፤ እሳቱም የበላው ከቤቱ ይልቅ ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉን ጉድለት መሸፈን የሂስ ተግባር አይደለም። ዋናው ጉድለት የሚገኘው በሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን አሣሣል ላይ ነው። ከሚስዝ ዴቪስ በቀር ተፈናቃዮቹ ከሩቅ የሚታዩ ጥላዎች ናቸው፤ ይሰበሰባሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ዕቃቸው ሜዳ ላይ ይጣላል። የሞዝሊ ኢዚ ሮውሊንስ ስለ ቤቱ የሚያስበውን እያንዳንዱን ሐሳብ እናውቃለን፤ በዲናው መጽሐፍ ቤቱን ያጣው ሰው ምን እንዳሰበ ግን አናውቅም። ስለዚህ እሳቱ ከኅብረተሰቡ ቅራኔ የወጣ መሆኑን ደራሲው ይነግረናል እንጂ አያሳየንም። ሴፋ የራሱን ሐዘን እንዲህ በጥልቀት መርምሮ የጎረቤቱን ሐዘን በመስኮት ብቻ ማየቱ የተራኪው ድክመት ነው እንበል? በከፊል ነው። ነገር ግን ደራሲ የተራኪውን ዕውርነት ሲስል ለአንባቢው ትንሽ ቀዳዳ መተው ነበረበት።

ሁለተኛው ጉድለት የሴፋ ፍጹም ዝምታ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከማን ጎን እንደሚቆም አይወስንም፤ ጁዲትን ሲወድ ከተፈናቃዮቹ ይርቃል፤ ከተፈናቃዮቹ ሲቀርብ ጁዲትን ይፈራል። የማስወጫ ማስጠንቀቂያው ለእርሱም ሲደርሰው እንኳ ዕጣው ከእነርሱ ጋር አንድ መሆኑን ጮክ ብሎ አይናገርም። ይህ እውነተኛ የስደተኛ ጠባይ መሆኑን አንክድም፤ ብዙዎቻችን በየሰፈራችን እንዲህ ኖረናል። ሆኖም ደራሲው አንዳንድ ጊዜ ይህን ጠባይ ከመመርመር ይልቅ በውብ ዐረፍተ ነገር ያስታምመዋል።

እነዚህ ጉድለቶች የመጽሐፉን ቁም ነገር አያጠፉትም። ዲናው የወንጀል ልብ ወለድን ከመርማሪው ነጥቆ ለስደተኛው ኅሊና መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው። የፌርፋክስ ልብ ወለድ በአማርኛ ገና ይጠበቃል፤ ባንድ ምግብ ቤት፣ ባንድ ምሽት፣ የታሳሪ ልጅና የአሳሪ ልጅ ሳይተዋወቁ ከአንድ መሶብ ሲበሉ የሚያሳይ። አውጫጭኝ በከተማ ሞቷል፤ የአገሩ ሰው ባንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ሜዳ የለም። ሰዎችን አንድ በአንድ ጠርቶ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተኑ የሚያደርግ አንድ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው።