«የፓይለት ስህተት» ስድብ አይደለም፤ የመጨረሻ ቃልም አይደለም

በቅርቡ ለቅሶ ለመድረስ ከተሰበሰብንበት ቤት ወሬው እንደ ልማዳችን ከፖለቲካ ተነሥቶ አየር መንገዳችን ላይ አረፈ። አንድ ወጣት ወንድማችን «በ302 ጊዜ አብራሪዎቻችንን ሲወነጅሉ ቆይተው ጥፋቱ የቦይንግ ሆኖ ተገኘ። የቤይሩቱ 409ም እንዲሁ ነው። የእኛ ፓይለት አይሳሳትም!» አለ። ቤቱ በሙሉ «እውነትህን ነው» አለው። እኔ ግን ዝም አልኩ። ለቅሶ ቤት ክርክር አያምርም ብዬ ነው። ሙያዬ ምሕንድስና ነውና ዝምታው እስከ ቤቴ ድረስ ከነከነኝ። ሟች ወቃሽ አያድርገኝና፣ እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር።

ለዘነጋው ላስታውስ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 2010፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ የበረራ ቁጥር 409 ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ሌሊቱ ዝናብና ነጎድጓድ ነበር፤ ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለው ደግሞ ጨለማ ባሕር ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ሜዲትራኒያን ውስጥ ቀሩ። ከመካከላቸው በሰው ቤት ደክመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ እህቶቻችን ነበሩ።

ጥቁር ሳጥኑ ገና ከባሕር ሳይወጣ የሊባኖስ ባለሥልጣናት «አብራሪው ታወሩ የሰጠውን አቅጣጫ አልተከተለም» ብለው ለዓለም አወጁ። ምርመራ ሳይጀመር ፍርድ መስጠት ነውር ነው፤ መቆጣታችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የተናገሩበት ጊዜ ነውር መሆኑ የተናገሩትን ነገር ሐሰት አያደርገውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የሊባኖስ መርማሪዎች ሪፖርት ምን ይላል? አውሮፕላኑ እንደተነሣ ወደ ቀኝ ዞሮ 315 ዲግሪ እንዲይዝ ታዘዘ። ቀጥሎ ከመጥፎው አየር እንዲርቅ ወደ ግራ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ እንዲዞር ተነገረው። አብራሪዎቹ ትእዛዙን ተቀበሉ፤ አውሮፕላኑ ግን 270ን አልፎ ወደ ደቡብ መዞሩን ቀጠለ። ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲል መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ሠራ፤ እያንዳንዱም ጊዜ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆየ። ሪፖርቱ አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን መቆጣጠር አልቻሉም፣ እርስ በርስም አልተራረሙም ብሎ ደመደመ።

አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም። አውሮፕላኑ አየር ላይ ፈንድቷል፤ ምክንያቱም ተመትቶ፣ አሻጥር ተሠርቶበት ወይም መብረቅ ወድቆበት ሊሆን ይችላል አለ። እንደ መሐንዲስ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ፍንዳታ ነበር እንኳ ብንል፣ ከዚያ በፊት ያለፉትን ደቂቃዎች ምን ያስረዳቸዋል? የሳተው አቅጣጫና የወረደው ፍጥነት የተመዘገቡት ከመውደቁ አስቀድሞ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ግን እኔም እንደ እነዚያ ባለሥልጣናት መሆኔ ነው። ከሪፖርቱ የምንጠቅሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው፤ የሚደግፈውም የሚቃወመውም እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ የተጻፈውን እንይ። ካፒቴኑ በሙያው ከ10,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነው፤ በዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ግን የነበረው 188 ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም በ51 ቀናት ውስጥ፣ በጣም አነስተኛ በሆነ እረፍት የበረረው። ረዳቱ የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ ጠቅላላ ልምዱ 673 ሰዓት። አውሮፕላን ማረፊያውንም በደንብ አያውቁትም ነበር። ለመሆኑ ሁለቱን በዚያ ሌሊት ማን አጣመራቸው? የደከመን ሰው ማን መደበው? ወጣቱስ ታላቁን «ካፒቴን፣ እየሳትን ነው፤ እኔ ልያዘው» ለማለት ለምን ከበደው? ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ቤት ያደግን ሁሉ ይህ ጥያቄ ሊያንገበግበን ይገባል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ጥያቄዎች የሚሄዱት ወደ ሟቾቹ አይደለም፤ ወደ ሕያዋኑ ነው። ስህተቱን ስንክድ የሟቾቹን ክብር የጠበቅን ይመስለናል፤ የምናድነው ግን በሕይወት ያለውን አለቃ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሌላውን ሕዝብ እንይ። በኦገስት 2006 በአሜሪካ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን፣ የኮምኤር 5191 አብራሪዎች ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚረዝመው ማኮብኮቢያ እንዲነሡ ተፈቅዶላቸው ግማሹን በሚያህለው አጭር ማኮብኮቢያ ላይ ወጡ፤ 49 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ የአብራሪዎች ስህተት ነው አሉ። «አሜሪካ ተሰደበች» ያለ ግን አልሰማሁም። ጥያቄው ቀጠለ፤ ታወሩ ውስጥ የነበረው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ መሆኑም ተነሣ። ኋላም አውሮፕላኑ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች ማኮብኮቢያዎች ተሻግሮ ሳይጨርስ የመነሻ ፈቃድ እንዳይሰጠው ደንብ ወጣ።

ወደ ወጣቱ ወንድማችን ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በ302 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቻችን የቀሰሩ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ነበሩ። እኛ ግን «ከአብራሪው እጅ በስተጀርባ ያለውን ጠይቁ» አልን። ተጠየቀ፤ በአንድ የተሳሳተ መለኪያ ተመርቶ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፍቀው የቦይንግ ሥርዓት ተገኘ። ልክ ነበርን። ልክ ያደረገን ግን ደማችን ሳይሆን ጥያቄያችን ነው። ያንኑ ጥያቄ ለ409 ካልጠየቅን የ302ቱም ክርክራችን ለወገን ማድላት ብቻ ይሆናል።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሕግም ቢሆን የምርመራ ዓላማ ዳግመኛ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። በአየር መንገዳችን እኮራለሁ፤ በእሱ እሄዳለሁ፣ ልጆቼንም አሳፍርበታለሁ። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የሁሉንም ነፍስ ይማር። ቸር ይግጠመን።