«ሰውዬው ማነው?»

ስለ ትብብርና ስለ ፍትሕ የተጻፈ ጥናት የገለበጠ ተማሪ አንድ ጨዋታ ሳያጋጥመው አይቀርም። ቨርነር ጉትና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ነው። ለአንዱ ገንዘብ ይሰጠውና ለማያውቀው ሰው የፈለገውን ያህል ያካፍላል። ተቀባዩ «እሺ» ካለ ሁለቱም ድርሻቸውን ይይዛሉ፤ «አሻፈረኝ» ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ታዲያ ትንሽ የቀረበለት ሰው ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ከመናቅ ማጣት ይሻላል ማለት ነው።

ጆሴፍ ሄንሪክና ጓደኞቹ ይህንኑ ይዘው ወደ 15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ዘለቁ፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። የፔሩ ማቺጌንጋዎች በአማካይ ሩብ ያህል ሲሰጡ፣ ዓሣ ነባሪ በጋራ የሚያድኑት የኢንዶኔዥያ ላማሌራዎች ከግማሽ በላይ ሰጡ። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ቁጥሩ አይደለም። የኬንያ ኦርማዎች የመዋጮውን ጨዋታ ሲያዩ «ይሄማ ሐራምቤ ነው» ማለታቸው ነው። ሰው የሚጫወተው በሚያውቀው ደንብ ነዋ!

ከ15ቱ መካከል አንድም የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ የለም። እኔም ባለፈው ክረምት መርሳ ሄጄ አጎቴን ጠየቅኋቸው።

«መቶ ብር ቢሰጡዎት ለማያውቁት ሰው ስንት ያካፍላሉ?»

«ሰውዬው ማነው?»

«አይታወቅም።»

«ታዲያ ሐዘን ቢደርስበት በምን ልደርስለት ነው?»

ጨዋታው እዚህ ላይ ፈረሰብኝ። በሀብሩ መንደሮች ፍትሕ የሚለካው በቅሬ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። የቀረ ይቀጣል፤ የተወገደ ሬሳውን ብቻውን ይዞ ይቀራል። ተመራማሪው ስምን የሚደብቀው ይሉኝታ ፍርዱን እንዳያዛባበት ነው። እዚህ ግን ስም ከሌለ የሚፈረድበት ነገር የለም።

ቅሬን ላሞግስ ግን አልተነሣሁም። አንዲት ፍየል ብቻ ያላት ባሏ የሞተባት ሴትና በመስኖ ፍራፍሬ የሚያለማው ጎረቤቷ እኩል ቢያዋጡ፣ እኩልነቱስ ይሁን፣ ፍትሕ ነው ወይ? ጨዋታው ቢያንስ ደኻው «እምቢ» እንዲል ዕድል ይሰጠዋል። እሷ «እምቢ» ብትል ማን ይቀብራታል? ይህን ለአጎቴ ሳነሣባቸው ጥቂት ዝም አሉ።

«እሱንማ ሽማግሌ ያየዋል» አሉኝ።

ሽማግሎቹ እነማን እንደሆኑ ሳልጠይቃቸው የወልድያዋ መኪና መጣች።