ባላባቱ ወደቀ፤ ጫካውስ የማን ሆነ?

በሰፈራችን በክርያት ሞሼ ሽማግሌውና ወጣቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያዩት ፊልም ብዙ አይገኝም። ለሽማግሌው ዕብራይስጡ ይከብደዋል፤ ለወጣቱ ደግሞ አማርኛው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን ከንግግሩ ሥራው ስለሚበዛ ሁለቱንም ያስቀምጣል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም እንደ አንድ ተመልካች ላቀርብ እወዳለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ ሲኒማ የተማረ የፊልም ባለሙያ ነው። ይህን ፊልም ያነሣው በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት ሲንገዳገድ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው በ1976 ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ለባለመሬቱ ይለፋል፤ ጌታው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ በጎርፍ ትወሰዳለች። መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠር አንድ ሰው በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል።

የፊልሙ ትልቁ ጥንካሬ አለመቸኮሉ ነው። እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ የቤቱ ሥራ ሳይቆራረጥ ይታያል። ልጆቻችን «ወላጆቻችሁ ከመምጣታቸው በፊት ምንም አያውቁም ነበር» የሚል አነጋገር ሲሰሙ አድገዋል። እንዲህ የሰማ ልጅ ገበሬው በሬ ሲጠምድ በትዕግሥት ቢመለከት፣ ድካሙ ዕውቀት እንደ ነበረ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል።

ጉድለቱ ግን ይህ ነው፤ ፊልሙ በደሉን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይጭናል። ጌታው ከወንበሩ ቢወርድ ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል ይመስላል። በጎንደር አገር የመሬት ነገር ከዚህ የተወሳሰበ ነበር። ርስት በዘር ሐረግ የሚጠየቅ መብት ነበር፤ ባለርስቱ ድሃ ገበሬም ሊሆን ይችላል። የእኛ አባቶች ከዚያ ሐረግ ውጭ ተደርገው ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ላልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይኖረው እንደ ደነገጉ በትውፊት ይነገራል። ስለዚህ ቤተ እስራኤል እኩል ወይም ሲሶ እየከፈለ የሰው መሬት አረሰ፤ ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራም ገባ። ከፊልሙ ጭሰኛ በታች ሌላ ደረጃ ነበረ፤ እሱ በፊልሙ ውስጥ የለም።

ጫካም የለም፤ ዛፉ ለማየት ያህል ብቻ ቆሟል። ነገር ግን ያለ ከሰል ብረት አይለሰልስም፤ ያለ ማገዶም ሸክላ አይተኮስም። ርስት የሌለው ቀጥቃጭ ከሰሉን ከየት ያምጣ? አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከአንድ ባለርስት ጫካ እንጨት ለመቁረጥ ሲል የሰውየውን ማረሻ በነጻ ይሠራለት ነበር። ያው ሰው ማረሻውን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያወራ አባቴን «ቡዳ» ይለዋል። መብት የሌለው ሰው ዛፉን የሚያገኘው በልመናና በውለታ ነው፤ ውለታው ሲያልቅ ዛፉም ያልቃል።

ባለመሬቱ ከወደቀ በኋላስ ምን ሆነ? በ1975 ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደ። ለአባቶቻችን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም በጎንደር ባላባቶች መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ፤ ለአራሹ የተባለውም መሬት አዛዡ መንግሥት ሆነ። ኮረብታው ላይ ዛፍ በዘመቻ ተተከለ፤ ገበሬውን ግን ምን ይተከል፣ ለማን ይሁን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ያ ዛፍ ተጨፈጨፈ። ይህን ያየ ሰው ገበሬው የዛፍ ጠላት ነው ይላል። እኔ ግን የተቆረጠው ባለቤት ያልነበረው ዛፍ ነው እላለሁ።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በገዛ ይዞታቸው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል እያከሰሉ ይሸጡ ነበር። በ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬቱን መሸጥ አይችሉም፤ ሆኖም በአማራ ክልል ገበሬው የይዞታ ደብተር በእጁ አለ፤ የተከለው ዛፍም የራሱ ነው። ዛፍ የሚተክለው በመቁረጫው ጊዜ ራሱ እንደሚቆርጠው ስለሚያምን ነው። አባቴ ይህን ቢያይ ይገርመው ነበር፤ እሱ ለምኖ የሚያገኘው ከሰል በዚያ ተተክሎ የሚታጨድ ምርት ሆኖ ነበር።

በ1974 ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ልወቅሰው አልፈልግም። የቁጣውን እውነት ተቀብለን የተወውን መሙላት የእኛ ፋንታ ነው። በዚህ ሰፈር ሲሶ የከፈሉ፣ ወናፍ የነፉ፣ የሸክላ አፈር የቆፈሩ እናቶችና አባቶች አሁንም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ማኅበራችን ፊልሙን ያሳይ። የመብራቱ ማብሪያ አጠገብ አንድ ወጣት ይቀመጥ፤ ጭሰኛው ምርቱን ሲያስረክብ ፊልሙን ያቁምና ሽማግሌዎቹን «እናንተስ ስንት ትከፍሉ ነበር? እንጨቱን ከየት ታመጡ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም ይቅረጽ። ያ መልስ በፊልሙም በመጻሕፍቱም ውስጥ የለም፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።