የጠጅ ቤቱ አግዳሚ

ስለ ሥነ ሕንፃ ስንጽፍ ብዕራችን ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣል። ጠጅ ቤትን ማን ያስታውሰዋል?

በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት «ክራውን» የሚባል በቪክቶሪያ ዘመን የተዋበ መጠጥ ቤት አለ። በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ፣ በጋዝ መብራት የሚበራ፣ ጠጪው እንዳይታይ በር የተበጀላቸው 10 ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ነው። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1978 ገዝቶታል።

ዳንግላ የማውቀው ጠጅ ቤት የባሕር ዛፍ ማገር፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበር። ጌጥ አልነበረውም። ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞረው አግዳሚ ግን ትልቅ ሐሳብ ነው። ገበሬውና ጸሐፊው ብርሌ ይዘው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መካከሉ ለአዝማሪው ክፍት ነው። የቤልፋስቱ ቤት ሰውን ይሸሽጋል፤ የእኛው ያገናኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ጠጁን የምትጥለው ሴት ከአግዳሚው ላይ ቦታ አልነበራትም።

ባለፈው ስመለስ በቦታው ብሎኬት ተደርድሮ አገኘሁ። ጭቃው ቢቀር አልቆጭም፤ አግዳሚው ቢቀር ግን ይቆጨኛል። የቀሩትን ሳይፈርሱ እንለካቸው፤ አዲሱን ቤት የሚሠራውም አግዳሚውን አስቦ ይሥራ፤ በዚህ ጊዜ ለሴቷም ቦታ ትቶ።