የልገሳ ሚዛን በማን እጅ?

ስለ ባለጸጎች ልገሳ በሚደረገው ክርክር ጄኔቫና ዙሪክ ልዩ ቦታ አላቸው። ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ ጋቪ የተባለው የክትባት ኅብረትና ግሎባል ፈንድ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ጄኔቫ ነው፤ በዙሪክ ደግሞ የባንክ ደንበኞች ከሀብታቸው ለበጎ አድራጎት የሚያውሉባቸው ፋውንዴሽኖች ተደራጅተዋል። ከሩብ ምዕት ዓመት ወዲህ በእነዚህ ከተሞች የሰፈነው አስተሳሰብ፣ ልገሳ መመዘን ያለበት በሰጪው ቅንነት ሳይሆን ባስገኘው ለውጥ ነው የሚል ነው። አስተሳሰቡን በመሠረቱ እንደግፈዋለን። ለብዙ ዘመን የእርዳታው መጠን እንጂ ውጤቱ ሳይቆጠርላት የኖረች አገር ልጆች ልኬትን ቢቃወሙ አያምርባቸውም። የምንተቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሚዛኑን የያዘው ማን እንደሆነ። ተቀባዩ ሊያስተባብለው የማይችል ልኬት የቱንም ያህል ቢረቅ ግማሽ ልኬት ነው እንላለን። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከልኬት በጎ ጎን እንጀምር። ከ2015 እስከ 2018 ዙሪክ የሚገኘው የዩቢኤስ ኦፕቲመስ ፋውንዴሽን በሕንድ ራጃስታን ለሚካሄድ የሴት ልጆች ትምህርት ሥራ ገንዘብ አስቀደመ። ውልን መሠረት ያደረገ ነበር፤ ውጤት ከተገኘ ሌላ ለጋሽ ገንዘቡን ከነትርፉ ይመልሳል፣ ካልተገኘ አይመልስም። ገለልተኛ መርማሪዎች ሕፃናቱን እየፈተኑ፣ ሥራው የተካሄደባቸውን መንደሮች ካልተካሄደባቸው ጋር አነጻጸሩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የትምህርቱ ውጤት ከጠቅላላው ግብ ግማሽ ያህል ነበር። ጉድለቱ በጊዜ ስለታወቀ አሠራሩ ተሻሻለና በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ውጤቱ ከግቡ 160 በመቶ ደረሰ። ልኬት ባይኖር ኖሮ ስሕተቱ በመልካም ምኞት ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ይሁን እንጂ ምን እንደሚለካ የሚወስነው ውሉን የፈረመው ነው። ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2017 ለናይጄሪያ፣ ለማሊና ለዴሞክራቲክ ኮንጎ የአካል ጉዳተኞች ማዕከላት 26 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ የሚያወጣ ተመሳሳይ ውል ሲዋዋል፣ ዋናው መለኪያ በአንድ ባለሙያ ስንት ሰው የመንቀሳቀሻ መሣሪያ አገኘ የሚል ሆነ። ይህ የማዕከሉን ቅልጥፍና በትክክል ይናገራል። ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመለት ሰው ወደ እርሻው ተመልሶ እንደሆነ፣ መሣሪያው ሲሰበርበት ማን እንደጠገነለት ግን አይናገርም። ባለጉዳዩ መለኪያውን እንዲመርጥ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ምናልባት መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ለውጡ የማን ነው የሚለው ነው። በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት 166 ነበሩ፤ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67 ሆኑ። የቢል ጌትስ ፋውንዴሽን 750 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቶለት በ2000 የተመሠረተው ጋቪ፣ አገራችን የሳንባ ምች ክትባትን በ2011፣ የሮታ ቫይረስ ክትባትን በ2013 እንድትጀምር ረድቷል። ይሁን እንጂ ከ166 ወደ 88 የወረደው ትልቁ ቅናሽ የታየው ከእነዚህ ሁለት ክትባቶች በፊት ነው። ቀደም ሲል በዚሁ ኅብረት ድጋፍ የተሰጡ ክትባቶች ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም፤ ነገር ግን ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአልጋ አጎበሩና መንገዱም ድርሻ አላቸው። አንድ የዳነ ሕፃን በስንት ለጋሽ ሪፖርት ውስጥ ይቆጠራል? ሪፖርቶቹ ቢደመሩ ዳኑ የተባሉት ከቀሩት ሞቶች ሊበልጡ ይችላሉ። ክትባቱን በትከሻዋ ተሸክማ ዳገት የወጣችው ወጣት ግን በአንዱም ሪፖርት ራሷን የቻለች መስመር የላትም።

ሦስተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፈሉ። ሲሦው ተቀጠረ፤ ሲሦው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሲሦው ምንም አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ የገንዘቡ ተቀባዮች ገቢ በሲሦ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ግን ሥራውን ለቀው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በሦስቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሁለቱም ልኬቶች እውነት ናቸው። ሆኖም በየዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን የሚዘጋ ለጋሽ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ኖሮ የሚያውቀው ተቀባዩ ነው።

ነገሩ የአኀዝ ክርክር ብቻ እንዳይመስል የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ እናስታውስ። በዚያን ጊዜ የዓለም ልግስና በዋናነት የተቆጠረው በቶን ነበር፤ አሰብና ምጽዋ የደረሰው እህል፣ የተነሡት አውሮፕላኖችና የጭነት መኪናዎች ተመዝግበዋል። ምዝገባው በራሱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎችን፣ ብዙዎቹን በግዳጅ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አሠፈረ። የእህል ማደያ ጣቢያው ለሠፈራው ሰው የሚመለመልበት ቦታም ሆነ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ ብዙ ሺዎች መሞታቸው ግን አያከራክርም። ይህን በይፋ የተናገረው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። የቶኑ ሒሳብ ትክክል እንደሆነ፣ ሰው በእርዳታው ምክንያት ተይዞ ተጫነ። ከራያ ተነሥቶ ጋምቤላ የወረደውን ገበሬ የጠየቀ መለኪያ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በወራት ውስጥ በታወቀ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ ባደረጉት ጥናት እንዳስገነዘቡት፣ የረኃብ ሥር ከዝናብ እጦት አልፎ ገበሬውን አቅመ ቢስ ካደረገው ሥርዓት ይመዘዛል። አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሪፖርት የማስተባበል አቅምም የለውም።

የእኛ ባህል በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። በዕድር የዛሬው ተቀባይ የትናንቱና የነገው ሰጪ ነው። ድንኳኑ ቢዘገይ፣ ገንዘቡ ቢጎድል፣ ሐዘንተኛው ሐዘኑን ሲያበቃ በስብሰባ ተነሥቶ ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ይጠይቃል። ዕድር ጥናት አያውቅም፤ የመቃወም መብት ግን ያውቃል። የጄኔቫና የዙሪክ ልገሳ ጥናቱን አሟልቶ የጎደለው ይህ መብት ነው።

ስለዚህ በስደት የምንገኝ ምሁራን ለለጋሾች አማካሪና መርማሪ ሆነን ስንጠራ ልናቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። መለኪያው ከመወሰኑ በፊት ተቀባዮቹ ምን ሊለካላቸው እንደሚሹ ተጠይቀዋል? ሪፖርቱ ለቦርዱ ከመቅረቡ በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሚናገሩት ቋንቋ ተነቦላቸው የተቃወሙት ነገር አብሮ ታትሟል? ገንዘቡ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚጠይቃቸው ሰው በጀት ተይዞለታል? ከዲያስፖራ ገንዘብ አሰባስበው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠሩ ማኅበራትም ከእነዚህ ጥያቄዎች ነጻ አይደሉም፤ የምረቃ ፎቶግራፍ ልኬት አይደለምና። ይህ ሁሉ ወጪ ይጨምራል፣ የለጋሹንም ኩራት ይቀንስ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ያልተጠየቀው ገበሬ የከፈለው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።